ሰባት ሜትር ወደ ታች

«ጉድጓዱ ውስጥ የወረድኩት እኔ ነኝ» አለች መቅደላዊት፣ ሰሌዳው ፊት ጠመኔ እንደያዘች። ከኋላ የተቀመጠችው ጽናት ጥርሷን ነከሰች። ቀሚሴ ይቆሽሻል ብላ አፋፉ ላይ እንኳ ያልቆመች ልጅ ናት ይህን የምትለው።

ጉድጓዱ መሐል ሜዳ ከተማ ላለው ትምህርት ቤታቸው መጸዳጃ ተብሎ የተቆፈረ ነው፤ ሰባት ሜትር ይወርዳል፣ ደግነቱ ገና ሥራ አልጀመረም። ከደብረ ብርሃን የመጡት ዶክተር እታገኝ ሁለት የኮስሚክ ጨረር መቁጠሪያዎች አውሰዋቸው ነበር፤ አንዱ መሬት ላይ፣ ሌላው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጠ። አፈሩንና ዓለቱን በስቶ ታች የሚደርሰው ጉልበተኛው ጨረር ብቻ ነው። ተመራማሪዎች የላዩንና የታቹን ቁጥር እያነጻጸሩ ከጠፈር የመጣው ቀላሉ ሃይድሮጅን ይሁን ከባዱ ብረት ይገምታሉ።

ጽናት መሰላል ስትወጣ ስትወርድ ወሩ አለቀ። ልጆቹ «ዶክተር ሽንት ቤት» አሏት፤ ጓደኛዋ መቅደላዊትም አብራ ሳቀች። ጽናት ለገብስ አጨዳ አንድ ሳምንት ከትምህርት ስትቀር ደግሞ መቅደላዊት ልገልብጠው ብላ ደብተሯን ወሰደች፣ ለመምህር ወልደ ጻድቅም ጽናት ሥራውን ትታዋለች አለቻቸው። መምህሩ አመኗት።

ጽናት ስትመለስ በንዴት ተቃጠለች። የተገለበጠው የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር መሆኑን ስታይ ግን ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት። በዚያ ሳምንት ተሳስታ ነበር። መሣሪያው ተደራርበው የተቀመጡ ሁለት ሳህኖች አሉት፤ ሁለቱንም የበሳውን ብቻ እንዲቆጥር ማብሪያው መዞር ነበረበት፣ እሷ አላዞረችውም። ስለዚህ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው መቁጠሪያ የዓለቱን የራሱን ጨረር ሁሉ እየለቀመ ከላይኛው በለጠ። የታረመው ቁጥር ሌላ ደብተር ላይ ነው፤ ደብተሩ አሁን ጉልበቷ ላይ አለ።

ዶክተር እታገኝ መቅደላዊት ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ቁጥር አዩ። «ከላይ ዘጠኝ መቶ፣ ከታች አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ። ከላይ ያልወረደ ከታች እንዴት ተገኘ?»

መቅደላዊት ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። ዓይኗ ጽናትን ፈልጎ አገኛት። አውጪኝ የሚል ዓይን ነበር። ጽናት ይህችን ደቂቃ ስትጠብቅ ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ወንበሯን ተደግፋ አየቻት። ትቅመሰው።

ዶክተር እታገኝ ወደ መምህሩ ዞረው፣ ቆጠራው እንዲህ ከሆነ መሣሪያዎቹን ራቤል ከተማ ላለ ትምህርት ቤት ብሰጣቸው ይሻላል አሉ። መምህር ወልደ ጻድቅ አንገታቸውን ደፉ።

ጽናት ይህን አላሰበችም ነበር። ዝም ካለች መቅደላዊት ታፍራለች፤ መቁጠሪያዎቹም ይሄዳሉ። ደብተሯን ይዛ ተነሣች።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አለች። «ማብሪያውን ሳላዞር ቆጥሬ ነው።»

«የቱን ማብሪያ?» አሉ ዶክተር እታገኝ። የጠየቁት ግን መቅደላዊትን ነበር።

መቅደላዊት መሬት መሬቱን አየች። መምህሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ ጽናትን አዩና ፊታቸው ተለወጠ። ጽናት ሰሌዳው ጋ ደርሳ እጇን ዘረጋች፣ ጠመኔውን ተቀበለች፣ አሮጌውን ቁጥር አጥፍታ አዲሱን ጻፈች፤ ከላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ከታች ሰባ አራት።

ዶክተር እታገኝ ቁጥሩን ደጋግመው አይተው፣ አሁኑኑ እፊቴ ቆጥራችሁ ካሳያችሁኝ መሣሪያዎቹ ይቆያሉ አሉ። የሚወርድ ሰው ያስፈልጋል።

መቅደላዊት ወደ ወንበሯ መሄድ ጀምራ ነበር። ጽናት ለሦስት ሳምንት ያዘጋጀችው ስድብ አፏ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«መቅደላዊት ትወርዳለች» አለች። «መሰላሉን እኔ እይዝላታለሁ።»