የራሱን ኩባያ ይዞ የመጣ ሰው

ከድሩን ያወቅሁት በጠብ ነው። 1976 ዓ.ም.፣ መጋቢት ላይ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው በአጎቴ በጀማሉዲን ምግብ ቤት ሻይ ስቀዳ፣ አንድ ረዥም ቀጭን ልጅ ከከረጢቱ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ አውጥቶ «በዚህ ስጪኝ» አለኝ።

«የኛ ኩባያ ምን ሆነ? ቆሽሿል?»

«ወላሂ አልቆሸሸም። ግን በዚህ።»

«በኛ ኩባያ ካልጠጣህ ሻያችንንም አትጠጣም!»

እኔ እንዲህ ነኝ። ትምህርቱን ሁለተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፣ ችኮነቴን ግን እስከዛሬ አልተውኩም።

ጎንበስ ብሎ በዝግታ ነገረኝ። «የሳንባ ነቀርሳ ታምሜያለሁ። ሰው እንዳይዝብኝ ብዬ ነው።»

ዓይኑን አየሁት፤ አላቀረቀረም። ስኳር ከቀበሌ በራሽን በሚታደልበት ዘመን፣ ሦስት ማንኪያ ጨመርኩለት።

እንደኛው የወሎ ልጅ ነበር። ዱብቲ ወርዶ ጥጥ ሲለቅም ደም ተፋ፤ አብረውት የሚያድሩት ለቃሚዎች ሸሹት። አዋሽ ክሊኒክ፣ ድሬሰር ሣህሌ ጋ፣ በየጠዋቱ መርፌ ይወጋል። ከዚያ እያነከሰ እኛ ጋ ይመጣል።

«ዛሬ በየትኛው ነው?» እለዋለሁ።

«በግራው። ነገ በቀኙ። ስልሳው መርፌ ሲያልቅ መቀመጫ አይኖረኝም፣ ቆሜ ነው የማገባሽ።»

«አንተን አጥንት ማን ያገባሃል!»

አልኩ እንጂ፣ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስልሳው አለቀ። ጉንጩ ሞላ፣ ጣቢያው ላይ ጭነት ማውረድ ጀመረ። ክኒኑ ግን ገና አስር ወር ይቀረዋል። ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን አጎቴ ሲሰማ «ሣህሌ ድኗል ብሎ ካርዱን ይዝጋለት፣ ያኔ ይምጣ» አለ። ከድሩ በደስታ ሊበር ደረሰ። «አስር ወር ምን አላት? ኢንሻአላህ!»

ሐምሌ ላይ እኔ ማሳል ጀመርኩ። ቀሚሴ ሰፋኝ። ከኔ ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው።

«ነገ ክሊኒክ እንሄዳለን።»

«አልሄድም።»

«ኡምሰልማ፣ በነጻ እኮ ነው። ሣህሌም ክፉ ሰው አይደለም።»

«ሣህሌን ማን ፈራው? የፈራሁት በረንዳውን ነው። የክሊኒኩ በረንዳ ከጣቢያው ወለል ብሎ ይታያል። እዚያ ሰልፍ ላይ ካዩኝ ነገ ማን ከእጄ ይበላል? አጎቴ ቤቱን ይዘጋል። እኔንም ወሎ ይመልሰኛል፣ አንተንም አላገኝህ።»

«እኔስ እዚያው ተሰልፌ አይደል የዳንኩት?»

«አንተ መንገደኛ ነህ። እኔ ምግብ አሳላፊ ነኝ። ካስገደድከኝ አዋሽ ገደል ነው የምገባው!»

ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ከቶ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን ይዞ በጓሮ መጣ። «ሣህሌን ለመንኩት። ስምሽን ሳይጽፍ ለሁለታችንም ሰጠኝ።»

«እውነትህን ነው?»

«አዎ።»

በትንሽ በትልቁ ወላሂ የሚል ሰው፣ ያን ቀን ብቻ አላለም። ልብ ብያለሁ። ግን አልጠየቅሁትም።

ከዚያ በየቀኑ እየመጣ ያስውጠኛል። «ምላስሽን አንሺ» ብሎ ካላየ አይሄድም። «ያንተስ?» ስለው «ጠዋት ዋጥኩ» ይለኛል። ሳሌ ቀለለኝ። የሱ ጉንጭ ግን ተመልሶ ጎደጎደ። «ጭነቱ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ማመኑ ነበር የተሻለኝ።

ጥቅምት ላይ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣ። «ለለቀማ ዱብቲ እወርዳለሁ። ሦስት ወር ነው» ብሎ በጨርቅ የተቋጠረ ክኒን እጄ ላይ አኖረ።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ያንተስ?»

ኩባያውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «እዚህ ውስጥ አለ።» ይህን ሲል ዓይኔን አላየኝም። አሰብ የሚመላለሰው የሹፌር ሀሰን መኪና ላይ ወጣ።

በሳምንቱ ሀሰን ብቻውን ተመለሰ። ሳይቀመጥ ሰማያዊውን ኩባያ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እህቴ፣ ሠመራ ሜዳ ላይ ደም አጣደፈው። መኪናውን አቆምኩ፣ ውሃ ሰጠሁት፣ አልሆነም። ሌሎች ሹፌሮች ደረሱልኝና ሰግደንበት እዚያው መንገድ ዳር ቀበርነው።»

«ኩባያው ውስጥ ክኒን ነበረ?»

«ባዶ ነበር። ‹ሁሉንም እንድትጨርስ ንገራት› ብሎ ነው የሰጠኝ።»

ኩባያውን አንስቼ ወጣሁ። ቀትር ነበር፣ ባቡሩም ቆሟል። ሰው ሁሉ እያየ በረንዳው ላይ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ «ለከድሩ የሁለት ሰው ክኒን ሰጥተኸው ነበር?» አልኩት ሣህሌን።

«የሁለት? የአንድ ሰው ነው እንጂ።» አየኝ። ደረቴን፣ ኩባያውን አየ፤ ገባው። «በአንድ ሰው መድኃኒት ሁለት ሰው አይድንም፣ ልጄ። አንቺም አልዳንሽም፤ ቀለለሽ እንጂ። መጥተሽ ቢሆን ያንችውን እሰጥሽ ነበር።» አዲስ ካርድ አወጣ። «ስም?»

ጮክ ብዬ ነገርኩት። ጣቢያው ድረስ የተሰማ ይመስለኛል።

ምግብ ቤቱ አልተዘጋም። አጎቴ ሁለት ቀን አኮረፈኝ፣ በሦስተኛው ቀን የግመል ወተት ገዝቶ መጣ። «እስክትድኚ ጓዳ ሁኚ፣ አሳላፊ እቀጥራለሁ» አለኝ። በቃ። ከድሩ የሞተበት ፍርሃቴ ዕድሜው ሁለት ቀን ነበር።

ስልሳውን መርፌ ተወጋሁ፣ ክኒኑንም ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳልዘል ዋጥኩ። ካርዴ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ማንም ሽማግሌ ቢልክ እሺ አላልኩም።

አምና ሀሰንን ለምኜው ሠመራ ወረድኩ። አርጅቷል። ያኔ ባዶ ሜዳ የነበረው አሁን ከተማ ነው። «እዚህ ጋ ይመስለኛል... ወይ እዚያ ጋ» እያለ ከፎቅ ፎቅ አዞረኝ። አላገኘነውም።

ሲደክመን አንዲት ሻይ ቤት ገባን። ሰማያዊውን ኩባያ ከቦርሳዬ አውጥቼ «በዚህ ስጪኝ» አልኳት አስተናጋጇን።

«እንዴ እማማ፣ የኛ ኩባያ ምን ሆነ?» ብላ ፊቷን አጠቆረችብኝ።

ሀሰን ወደ ውጭ ዞረ።

«ምንም አልሆነ፣ ልጄ» አልኳት። «ስኳሩን ሦስት አድርጊው።»