የጥሩወርቅ ቃል

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ የጉና ብርድ ምላሴን ያድርቀው! በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄም የሠራሁት ነው።

መንደራችንን ታጣቂዎች ለወራት ይዘዋት ነበር። ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ በኬላ ተዘጋ፤ ፖሊሶቹ ሸሹ፤ የጤና ኬላው መድኃኒት ተዘረፈ። ከቀበሌው ሠራተኞች የቀረሁት እኔ ጸሐፊው ምናለ ብቻ ነበርኩ፤ ማኅተሙን ድንች ማሳ ውስጥ ቀብሬ። ያችን ማኅተም ፍለጋ ሦስት መቶ ወታደር ተሰማርቶ ነበር፤ አራት መቶም ይሆናል።

ሰው ሁሉ ሰውን ይጠረጥራል። ወሬ የሚያቀብላቸው ማን ነው? የእገሌ በር ለምን ሳይሰበር ቀረ? በዚህ መሃል የመንደራችን ልጅ የየሺ ታናሽ እህት ጥሩወርቅ፣ ታጣቂ ደፍሯት ማርገዟ ተሰማ።

«እውነት ተደፍራ ነው?» አለ ጎረቤቴ ፈንታሁን። «ውሃ ስትቀዳ ሲስቁላት አይቻለሁ።»

ልጅቱ ጽንሱን ለማቋረጥ ቆርጣለች። ሐኪም ያለው ደብረ ታቦር ነው፤ ወሩ ከገፋ ደግሞ አይሆንም።

«ያለ ፖሊስ ወረቀት ማን ያያታል?» አለ ፈንታሁን። «መጀመሪያ ወረቀት ታምጣ!»

ብድግ አልኩ። ድምፄ ገሳይ ከተማ ድረስ ተሰማ። «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ያዝ! ለተደፈረች ሴት ሕጉ ቃሏን ነው የሚቀበለው፤ ማስረጃ አምጪ፣ የደፈረሽን ጥሪ አይላትም። ደግሞስ ወረቀቱን ማን ይስጣት? የደፈሯት?»

ፈንታሁን አንገቱን ደፋ። እኔም በበቅሎዬ አፈናጥጫት በጉና ጀርባ ወጣሁ። ሰባት ኬላ አለፍን። በሰባተኛው አዛዡ ዓይኔን አይቶ ራሱ መንገድ ለቀቀልኝ። ሐኪሟ ቃሏን ሰማች፤ በጊዜው ረዳቻት።

ወገኖቼ! የተጎዳችን ሴት ጠርጥረን ወረቀት ስንጠይቃት፣ ሳናውቀው የጎዳትን እያገዝን ነው።

ይህን እስከዚህ ድረስ ጽፌ ባለፈው እሑድ ለቀበሌው ስብሰባ አነበብኩት። ጭብጨባው ሲበርድ የሺ ከኋላ ተነሣች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ጋሽ ምናለ፣ ፈንታሁን ያን ጊዜ ልጆቹን ይዞ ወደ ሐሙሲት ከተማ ሸሽቶ ነበር። በቅሎዎንም ታጣቂዎቹ በመጡ በሳምንቱ ወስደዋታል። ‹ሲስቁላት አይቻለሁ› ያሉት አንቱ ነዎት። በፀነሰች በሁለተኛው ወር፣ ለሐኪም ደብዳቤ እንዲጽፉላት ቤትዎ መጣን፤ ‹የፖሊስ ወረቀት› አሉን። በአራተኛውም መጣን፤ ‹ወረቀት› ብለው በሩን ዘጉት። መጨረሻ ላይ እኔና እሷ በእግራችን ሄድን። ሐኪሟ ‹ቃልሽ ይበቃ ነበር፤ አሁን ግን ወሩ ገፍቷል› አለቻት።»

ነጠላዋን አስተካከለች።

«ያን ሕግ ስንመለስ ለአንቱ የነገርኩዎት እኔ ነኝ።»