ከወንዙ በኩል የሚያቀብለው

ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ በገዛ እጄ የተቀበልኩት ነው። የማያምን አያምን። እኔም ያን ቀን እዚያ ባልቆም ኖሮ አላምንም ነበር።

ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ታይዋን፣ ከከተማችን በላይ ባለው የተራራ መናፈሻ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር።

ጨለማ አልነበረም። ጉም ብቻ ነበር።

እኛ የመናፈሻውን የእግር መንገድ የምንጠግን በጎ ፈቃደኞች ነን። እኔ ጸጉር ቤት አለኝ። አለቃችን ጋሽ ኮንግ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዛሬም ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይለናል።

ሲሚንቶ አንነካም። ደረጃው የሚሠራው በድንጋይ ብቻ ነው። ድንጋዩን ከወንዙ እናወጣዋለን፤ ቁልቁለቱ ላይ ተሰልፈን፣ ከእጅ ወደ እጅ።

አንድ ሕግ አለን። የሚያቀብለው ሰው፣ ተቀባዩ «ያዝኩ» እስኪል ድረስ ድንጋዩን አይለቅም። ጣቱ የተቀጠቀጠበት ሰው ያወጣው ሕግ ነው። ከመልመዴ የተነሳ ባለቤቴ ሻይ ሲሰጠኝ እንኳ «ያዝኩ» እላለሁ።

በሰልፉ ከእኔ ቀጥላ፣ ከበላዬ የቆመችው እትዬ ቺንሜይ ነበረች።

ልጇ ቦዩዋን ከእኛው ጋር ይሠራ ነበር። ካቻምና ያ ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ፣ ጎርፉ ደረጃውን እንዳይበላው ሊያይ ወረደ...

ደረጃውንም እሱንም ወንዙ ወሰዳቸው።

አስከሬኑ አልተገኘም። የመቃብር ጠረጋው ቀን ሲደርስ አገር ምድሩ መጥረጊያውን ይዞ ወደየዘመዱ መቃብር ይሄዳል። እትዬ ቺንሜይ መሄጃ የላትም። የገዛ ደጃፏን ጠርጋ ትገባለች።

ለዚህ ነው ከሥራው ቀርታ የማታውቀው። ወንዙ ዳር የሚያደርሳት ይሄ ብቻ ነው። ያን ቀን የምንሠራው ግን የመጨረሻውን ደረጃ ነበር። ከዚያ በኋላ ዳርቻው ይታጠራል። ማንም አይወርድም።

«አጥሩ ሰኞ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰኞ ነው፣ እትዬ።»

«ሰኞ ጥሩ ቀን አይደለም» አለች።

ወንዙ ውስጥ ገብተው ድንጋይ የሚያነሱልን ሁለት ጎረምሶች ነበሩ። ጉሙ ሲወርድ ጋሽ ኮንግ ፊሽካ ነፋ።

«ውሃው እየሞላ ነው! ከወንዙ ውጡ!»

ወጡ። በአጠገቤ አልፈው ሽቅብ ሄዱ። እንዲያውም አንደኛው «ታች ብቻሽን ቀረሽ፤ ዓሣ ከመጣ ጸጉሩን ቆርጠሽ ሸኚው» አለኝ።

አጠገቤ የተከመረውን ድንጋይ ማቀበል ቀጠልኩ። ክምሩ አለቀ።

ዞር ስል...

ከጉሙ ውስጥ ድንጋይ ተዘርግቶልኛል።

እጅ አላየሁም። ከድንጋዩ ወዲያ ያለው ነጭ ብቻ ነው። አንዱ ተመልሶ ወርዶ ይሆናል ብዬ «ያዝኩ» አልኩ። ተለቀቀልኝ። ለእትዬ ቺንሜይ አሳለፍኩት።

ሌላ መጣ።

ሌላም...

«ቀስ በል እንጂ! እሽቅድድም ነው?» አልኩት።

ሌላ ድንጋይ ተዘረጋልኝ።

ያኔ ከላይ ሳቅ ሰማሁ። ቀና ስል ጎረምሶቹ ቁጭ ብለው ዳቦ እየበሉ ጋሽ ኮንግን ያበሽቁታል።

ሁለቱም።

ታዲያ ታች ያለው ማነው?

እትዬ ቺንሜይ የሰጠኋትን ድንጋይ ወደ ላይ አላሳለፈችውም። ደረቷ ላይ አቅፋ ታየዋለች።

«ማነው የሚሰጥሽ?» በሹክሹክታ።

«እ... እንጃ እትዬ።»

«ሁሉም ለስላሳው ጎኑ ወደኛ ዞሮ ነው የሚመጣው።»

እንደዚያ አዙሮ የሚያቀብል አንድ ሰው ብቻ ነበር። የተቀባዩ እጅ እንዳይላጥ ሻካራውን ለራሱ ያደርጋል። ድንጋይ ሳይሆን አራስ ልጅ የሚያቀብል ስለሚመስል «አዋላጁ» እያልን እናሾፍበት ነበር።

«ቦታሽን ልቀቂልኝ» አለች።

«እትዬ፣ ተይ... እንውጣ።»

«ልቀቂልኝ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ለቀቅኩላት።

ድንጋዩ መጣ። ከቀደሙት ሁሉ የሚበልጥ፣ እኔ ብቻዬን የማልችለው። በሁለት እጇ ያዘችው።

ግን «ያዝኩ» አላለችም።

ጠበቅኩ።

አላለችም...

ያኔ ገባኝ። እሷ ካላለች፣ እሱ አይለቅም።

ያቺ አጥንቷ የሚቆጠር ሴትዮ ያን የሚያህል ድንጋይ እጇን ዘርግታ ይዛ ቆመች። ክንዷ አይንቀጠቀጥም። ግማሹን ሌላ ሰው ይዞላታል።

«በልተሃል?» ስትል ሰማኋት።

ድንጋዩ ትንሽ... በጣም ትንሽ፣ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ይበርዳል አይደል እዚያ? እጅህ ደንዝዟል፣ አውቃለሁ። ትንሽ ብቻ ታገሰኝ። ትንሽ ብቻ...»

ከላይ ጋሽ ኮንግ መጮህ ጀመረ። «አንድ ድንጋይ ነው የጎደለን! ታች ምን ነካችሁ?»

እትዬ ቺንሜይ ዞር አላለችም።

ሲወርድ የእግሩን ኮቴ ሰማሁ። «ጋሼ፣ ቆይ!» ልለው ስል አጠገባችን ደረሰ።

ጋሽ ኮንግ ክፉ ሰው አይደለም። አንዲት አሮጊት ከባድ ድንጋይ ይዛ ቆማ አየ፤ ማንም ደህና ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ሮጦ ከሥሩ እጁን ሰደደና፣ ልማድ ሆኖበት፣

«ያዝኩ!» አለ።

ክብደቱ በአንዴ ወረደበት። በጉልበቱ ተንበረከከ።

ከጉሙ ውስጥ ምንም አልተሰማም። የወደቀ የለም፤ የተንቦጫረቀ የለም። ለቀቀ። በቃ።

እትዬ ቺንሜይ አልጮኸችም።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችው፣ ቀስ ብላ። «እኔ እኮ ገና አልያዝኩም ነበር።»

«እንዳትጎጂ ብዬ ነው እኮ፣ እትዬ...» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ቁልቁል ወደ ነጩ ጉም አየ። እኔንም አየኝ። ዓረፍተ ነገሩን እስከ ዛሬ አልጨረሰውም።

ድንጋዩ ቦታው ላይ ልክ ገባ። ደረጃው አለቀ። ማንም አላጨበጨበም።

ወደ ከተማ ስንመለስ መኪናው ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጆቿን ገጥማ፣ መዳፎቿን ወደ ላይ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀምጣቸዋለች።

መዳፎቿ ውስጥ ውሃ ነበር።

የጉሙ እርጥበት ነው ብዬ በፎጣ አደረቅኩላት።

ትንሽ ቆይቶ... ሞላ።

ደግሜ አደረቅኩ። ሞላ። ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ፣ ከሥሩ ደቃቅ አሸዋ ያለበት።

«ተዪው» አለችኝ። እንዳይፈስባት ጣቶቿን ሰብሰብ አደረገች።

ከደጃፏ ደረስን። መኪናው ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

መዳፎቿ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ይወርድ ነበር... ከግራ እጇ ወደ ቀኝ እጇ፣ እንደ ወንዙ፣ ቀስ እያለ፣ ሳያልቅ።