ሦስት ኪሎ ተኩል

ስዩም የተገኘው ሜልተን በተባለው የከተማ ዳርቻ ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ፣ ከመኪናው ኋላ በጀርባው ወድቆ ነው። ደረቱን ተመትቷል። የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ክፍት ነው፤ ባለ አንድ አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አፉን ወደ ውጭ አዙሮ እዚያው ተጋድሟል፤ ምላጩ ላይ ደግሞ አዳኞች ከወፍ ዓይን ለመሰወር የሚከናነቡት መረብ ክር ተጠምጥሟል። ታሪኩ ግልጽ ይመስል ነበር፦ ሰውዬው ጠመንጃውን በአፈሙዙ ይዞ ሲጎትት ክሩ ምላጩን ሳበው፣ አለቀ።

መርማሪ ጽገሬዳ እንዲህ ተዘጋጅቶ የሚጠብቃት ታሪክ አይጥማትም። ፊትዝሮይ ሰፈር፣ ለስደተኛና ለድኻ በሚከራይ የመንግሥት ፎቅ ላይ ያደገች፣ አማርኛዋ የእናቷ፣ ምላሷ የራሷ የሆነ ሴት ናት። ውሸታም ሲገጥማት አትቆጣም፤ ፈገግ ትላለች። ያ ፈገግታ ደግሞ አይጣል ነው።

ተኩሱ ሲሰማ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። የሟች ሚስት ሮማነወርቅ፣ ታናሽ ወንድሙ ዳኒና ጋሼ ልዑልሰገድ። ሦስቱም ለየብቻቸው ነበርን ይላሉ። ልዑልሰገድ የሐበሻ አዳኞች ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ ማኅበሩ ከአደን ይልቅ ሊቀመንበሩን ማዳመጥ የሚያበዛ ማኅበር ነው። ቅዳሜ ከስዩም ጋር ወደ አንድ ደሴት በአይሮፕላን በርረው ተርኪ የሚባለውን ትልቁን የዱር ዶሮ ሊያድኑ ነበር።

ቀድሞ ልጠየቅ ያለው እሱ ነው። ኪሱ የበዛ አረንጓዴ ሰደርያ ለብሷል፤ ሰደርያው ጭቃ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም።

«አደጋ ነው ልጄ» አላት። «ምላጩ ነው የገደለው።»

«እንዴት?»

«ተርኪ እንደ ዳክዬ እየበረረ አይመታም። ዛፍ ተደግፈሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ፣ አንገቱን ነው የምታነጣጥሪው። ምላጩ ከከበደ ስትስቢ አፈሙዙ ይወዛወዛል፤ ትስቺዋለሽ። ስለዚህ ሁለት ፓውንድ፣ ማለት አንድ ኪሎ አካባቢ፣ እንዲሆን መከርኩት። ያቀለለው ዳኒ ነው። እንግዲህ ልጁ...» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ።

«እርስዎ ይህን ጠመንጃ ነክተውት ያውቃሉ?»

«በፍጹም! የሰው ጠመንጃ አልነካም። የአዳኝ ደንብ ነው።»

«ቢሞክሩት ግን ክብደቱን ይለያሉ?»

«የኔ ጣት ሚዛን ነው!»

የአሻራ ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ነበር። ጽገሬዳ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋገጠችና ጓንት አድርጋ ያዘችለት። ልዑልሰገድም ጓንት አጠለቀ፤ ዓይኑን እንደ ቀማሽ ጨፈነ፤ የጣቱ አንጓ ነጭ እስኪሆን ሳበ። ቀጭ አለ።

«ያው ሁለት ፓውንድ» አለ። «እንዲያውም ትንሽ ያንሳል።»

ጽገሬዳ ፈገግ አለች። ባለሙያው ግን፣ ራሱም አዳኝ ነውና፣ በኋላ ጥግ ይዟት አጉረመረመ፤ በብርድ፣ በወፍራም ጓንት ለሚያዝ ጠመንጃ ሁለት ኪሎ ገደማ ደግ ነው፤ አንድ ኪሎ ያለው ሰው ግን ጫካ ገብቶ አያውቅም አላት።

ሮማነወርቅ ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። እንባዋ አልቋል፤ የቀራት ንዴት ብቻ ነው።

«ዳኒ ነው የገደለብኝ» አለች። «ትናንት እራት ላይ ‹አላማረኝም፣ ምላጩን እንደ ድሮው አክብጄ መለስኩት› አለን። መልሶት ቢሆን ባሌ ይሞታል? ሁለተኛ ፊቱን አላይም!»

«መመለሱን ጋሼ ልዑልሰገድ ያውቁ ነበር?»

«ስዩም አትንገሩት አለን። ‹ቅዳሜ እሱ ይተኩስበት፤ ልዩነቱን ካወቀ ጆሮዬን ቁረጡት› እያለ ሲስቅ ነበር። ሰውዬውን መጠርጠር ጀምሮ ነበር መሰለኝ። ለአይሮፕላኑ የጠመንጃ ፈቃድ ቁጥር ስጠኝ ቢለው፣ ዛሬ ነገ እያለ አላሳየውም።»

ዳኒ ጓሮ፣ የቆሻሻ በርሜሉን ተደግፎ ቆሟል። ማሪቢርኖንግ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። ስልኩ እጁ ላይ ይጮኻል፤ አያነሳውም።

«እናቴ ናት» አላት። «ምን ልበላት? ልጅሽን ገደልኩት ልበል?»

«ምላጩን መልሰኸዋል ወይስ አልመለስከውም?»

«መለስኩት! እኔ እንጃ... መለስኩት። የምላጩ ስፕሪንግ፣ ሞላው፣ አልገባ ብሎኝ ስታገል ነበር። በትክክል ባላስገባውስ?» እጁን እንደ ባዕድ ነገር አየው። «ወንድሜን ነው እኮ!»

ጽገሬዳ ወደ ጋራዡ ተመለሰች። ግድግዳው ላይ፣ አገር ቤት የሚሄድ ሐበሻ ሁሉ ኤርፖርት ላይ እንዳይዋረድ የሚገዛት መንጠቆ ያላት የሻንጣ ሚዛን ተሰቅላለች። አወረደቻት። ከዚያ ለጠመንጃ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ደወለችና ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ልዑልሰገድ ባዶውን ወለል ላለማየት ጣሪያውን ያያል።

«ጋሼ አደጋ ነው ብለውኛል» አለች። «እንመዝነው።»

መንጠቆዋን ምላጩ ላይ አስገብታ ቀስ እያለች ሳበች። አንድ ኪሎ፣ ሁለት ኪሎ፣ ምላጩ ንቅንቅ የለም። ሦስት ኪሎ ተኩል ላይ ቀጭ አለ።

ዳኒ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ቀጥሎ ክሩ።» ከመረቡ የተረፈውን ክር ምላጩ ላይ አሰረችና በሚዛኗ ሳበችው። ሁለት ኪሎ ሳይሞላ ጥርቅ ብሎ ተበጠሰ። «አያችሁ? ይህ ክር ይህን ምላጭ ሊስብ አይችልም። ስዩም ከሞተ በኋላ ነው የተጠመጠመው። የጠመጠመው ሰው ደግሞ ምላጩ አንድ ኪሎ እንደሆነ የሚያምን ነው። ሮማነወርቅ መመለሱን ሰምታለች። ዳኒ ራሱ መልሶታል፤ ደግሞስ የገዛ እጁን የሚያስጠረጥር አደጋ ለምን ያቀነባብራል? ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ተነካክቷል!» ጮኸ ልዑልሰገድ። «የናንተ ሰዎች አበላሽተውት ነው!»

«ማን ያውቃል?» አለች ጽገሬዳ። «ምናልባት የርስዎም ጣት ይሳሳት ይሆናል። ቅድም ሲስቡት ቀልሎዎት ይሆናል፣ በእውነት ግን ከብዶ ነበር።»

«የኔ ጣት አይሳሳትም! ሁለቱንም ጊዜ አንድ ነው የነበረው!»

ጽገሬዳ ሚዛኗን አስቀመጠች።

«እኔ እያየሁ የሳቡት አንድ ጊዜ ነው። የሰው ጠመንጃ አልነካም ብለውኝም ነበር።»

ሊቀመንበሩ የሰደርያውን ኪሶች አንድ በአንድ መዳበስ ጀመረ።

«ቢሮው ሁሉንም ነግሮኛል» አለች። «ፈቃድ ኖሮህ አያውቅም።» አንቱታውን እንደ ቆሻሻ ጣለችው። «ስለ ምላጭ ስትሰብክ የኖርከው ከቪዲዮ ለቅመህ ነው። ስዩም ነቃብህ፤ ቅዳሜ ልትዋረድ ሆነ፤ በገዛ ጠመንጃው መታኸው። እውነተኛ አዳኝ ቢሆን ሦስት ኪሎ ተኩል ሲስብ በጣቱ ይታወቀው ነበር፤ ክሩንም አይጠመጥምም ነበር። አንተ ግን ሰው ገድለህበት እንኳ አልተሰማህም! ከሊቀመንበርነት ወንበር እንዳትወርድ ብለህ ሰው ታጠፋለህ? ውሰዱልኝ፤ ሰደርያውን ለላብራቶሪ አውልቁለት።»

«ሲስቅብኝ...» አለ ልዑልሰገድ። «ቅዳሜ ለሁሉም እነግራለሁ ብሎ ሳቀብኝ።» በፖሊሶቹ መሐል ሲወጣ ሰደርያ የሌለው ሰው ትንሽ ሆኖ ታየ።

የዳኒ ስልክ እንደገና ጮኸ። ዳኒ አየውና ወደ ኪሱ ሊመልሰው ሲል ሮማነወርቅ ከእጁ ነጠቀችው። ጽገሬዳ፣ ሴትዮዋ ልትጮኽበት መስሏት፣ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«እማማ፣ ሮማነወርቅ ነኝ» አለች። «አዎ፣ እውነት ነው፣ ስዩም የለም። ዳኒ ግን... ዳኒ መልሶት ነበር። እኔ ነኝ ያላመንኩት።»

ከዚያ የዳኒን አንገት በአንድ እጇ አቅፋ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት።