ከኋላ ያልቀረው ኮከብ

ጸዳለ እጇን ከታረደችው በግ ሆድ ውስጥ መንጭቃ አወጣችው። አንጀቱን ስትስብ ጣቶቿ የነኩት ሌላ ነገር ነበር፤ ለስላሳ፣ ሙቀቱ ገና ያልጠፋ፣ ቀጫጭን እግሮች ያሉት።

«ጋሼ፣ አርግዛ ነበር» አለች።

አጎቷ ማሩ ቀድሞ የቆረጠውን ላት ፍም ላይ ጥሎ እያገላበጠ ነበር። ቀናም አላለ። «ለውሻ ጣይው» አላት። ጮማው በጢሙ ላይ ወርዶ ረግቷል።

በጓ የጎረቤታቸው የብዙነሽ ነበረች። መንደራቸው ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ ነው። ጥቅምት ሲገባ ጅራታም ኮከብ ብቅ አለና፣ ፀሐይ በጠለቀች ቁጥር ልክ ጉና አናት ላይ ይታይ ጀመር። ማሩ ሰው ሰብስቦ፣ ኮከቡ ተራራው ላይ እንደሰፈረ፣ ከጫፉ ቢርቅ ጥይት የሚደርስበት ያህል እንደሆነ፣ እዚያው ደም ካልፈሰሰለት ወርዶ መንደሩን እንደሚያቃጥል ነገራቸው። ብዙነሽ ባሏ የሞተባት፣ ልጇ የታመመባት ሴት ነች። ያለቻትን አንዲት በግ ሳታንገራግር ሰጠች። ማሩም ከየቤቱ የተሰጡትን በጎች እየነዳ፣ ምግብ እንድታበስልለት የእህቱን ልጅ ጸዳለን አስከትሎ ወጣ።

ጉና ላይ ግን አላረደም። ተራራውን አልፎ፣ በገሳይ አድርጎ ደብረ ታቦር ገባ። ከከተማው ዳር ጎጆ ተከራየና አንዷን በግ ለራት ጣላት። የቀሩት ሹመት እንዲሰጠው ለሚለምነው ጌታ እጅ መንሻ ነበሩ።

ጸዳለ ያልተወለደውን ግልገል በቅጠል ጠቅልላ ወጣች። ከአጥሩ ሥር ቆፍራ ቀበረችውና ድንጋይ ጫነችበት። የጮማው ሽታ እስከዚያ ተከትሏት ነበር። እጇን በሣር ጠርጋ ቀና ስትል ኮከቡን አየችው።

ጉና ከኋላዋ፣ በምሥራቅ ጠቁሮ ቆሟል። ኮከቡ ግን ከፊቷ ነበር፤ ፀሐይ በጠለቀችበት በኩል፣ ከጣና በላይ፣ ከእናቷ ደጅ ሆና ስታየው እንደነበረው ያህል ርቆ።

ቆማ አሰበች። በመንገድ ላይ ዛፉ ወዲያው ከኋላ ቀርቷል። ጉብታው ትንሽ ቆይቶ ቀርቷል። ጉና ራሱ ብዙ አስለፍቶ፣ በመጨረሻ እሱም ቀርቷል። የቀረበ ነገር ቶሎ ይቀራል፤ የራቀ ይዘገያል። ይኼ ኮከብ ግን ንቅንቅ አላለም። ያገሯ ሰው ርቀትን የሚለካው በቀን መንገድ ነው። የዚህን ርቀት ግን በቀን ቀርቶ በዓመት መንገድ እንኳ ለክቶ የሚጨርሰው ያለ አልመሰላትም። ወርዶ መንደር የሚያቃጥለው ከየት ተነሥቶ ነው?

ማሩ ጣቶቹን እየላሰ ወጣ።

«ጋሼ፣ ኮከቡ ጉና ላይ አልነበረም» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ፣ እያገሳ። «ባለፈው ሹመት ልለምን የመጣሁ ጊዜ እዚሁ ቆሜ አይቼዋለሁ።»

ጸዳለ ተሳስቶ ይሆናል ብላ ነበር። ተሳስቶ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ስትመለስ ምን ማለት እንዳለባት ይነግራት ጀመር፤ ደሙ ጉና ላይ ሲፈስ ኮከቡ ጎንበስ ብሎ ሲልሰው አይቻለሁ እንድትል፣ ልጅ ስለሆነች እንደሚያምኗት። እያወራ በቅባታም እጁ ጸጉሯን ዳበሰ። በሌላው እጁ ከላቱ ቆርሶ ወደ አፏ አቀረበ። ቅባቱ በእጁ አንጓ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ፊቷን አዞረች። «አልበላም፤ አልዋሽልዎትም። እትዬ ብዙነሽ ከጠየቁኝ ግልገሉን የት እንደቀበርኩት እነግራቸዋለሁ።»

ማሩ ጉርሻውን ራሱ ዋጠና ሣቀ። ነገ ሲርባት አሳቧን እንደምትለውጥ ነግሯት ገባ።

ጸዳለ ጸጉሯን በአመድና በውኃ አጠበችው። ሽታው አልለቀቀም።

በማግስቱ ማሩ በጎቹን ወደ ጌታው ግቢ ሲነዳ፣ ወደ ገሳይ ከሚመለሱ ገበያተኞች ጋር ተቀላቀለች። የተዘጋጀላት ስንቅ ሥጋ ስለነበረ ትታው ሄደች። አብራት የምትሄድ ሴትዮ ማን ቤት እንደምትገባ ጠየቀቻት።

ጸዳለ የእናቷን ቤት ልትጠራ ብላ ተወችው። እናቷ የወንድሟን ነውር እንድትሸፍንለት እንደምትለምናት ታውቃለች።

«እትዬ ብዙነሽ ቤት ነው የምሄደው» አለች። «ወደ እናቴ ከዚያ በኋላ።»