ሁለት ክዳን ዘምዘም

«ጋውኑን አውልቂልኝ እንጂ! ተራዬ ደርሷል» አለች ፈርዶሳ።

ሳብሪና አስታማሚ በየተራ ለብሶ የሚገባበትን አንዱን አረንጓዴ ጋውን እንደለበሰች በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ መስታወት ወደ ውስጥ እያየች ነበር። «አንድ ደቂቃ። አዳዳ ስትስል ትራሱን በደንብ አላቀፈችውም።»

አዳዳ የምትላት አክስቷን ሙሚናን፣ የፈርዶሳን እናት ነው። ሳብሪና ከሚኤሶ ለትምህርት ወደ ጭሮ ከተማ መጥታ እነፈርዶሳ ቤት መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። እስከዚህ ሳምንት ድረስ ፈርዶሳ ይህን ያህል ጠልታት አታውቅም።

ሙሚና በሳንባ ምች ታማ ዘጠኝ ቀን በማሽን ስትተነፍስ ቆየች። ቱቦው ከጉሮሮዋ የወጣው ትናንት ነው። ነርሱ ኪሮስ ዋናው ሥራ ገና አሁን እንደሚጀምር ተናገረ። በየሰዓቱ ቀና ብላ ትቀመጣለች፣ በአፍንጫዋ አየር በረጅሙ ትስባለች፣ ሦስት እስኪቆጠር ይዛ ቀስ ብላ ታስወጣለች። ከዚያ ትራስ ደረቷ ላይ አቅፋ አክታውን በሳል ታወጣለች። ይህን ሁሉ ያሳየው ለሳብሪና ነበር፤ ፈርዶሳ ያን ሰዓት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ነበር። አምስት ደቂቃ ብትቆይ ነው። በአምስት ደቂቃ እናቷን የተቀማች መሰላት።

የገለምሶዋ ዘመዳቸው ሐጃ ኢንሳፍ ከመካ ያመጡትን ዘምዘም በትንሽ ጠርሙስ ልከው ነበር። ኪሮስ ጠርሙሱን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። «የተባረከ ውሃ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ጉሮሮዋ መዋጥ መቻሉን እስክፈትሽ ድረስ ጠብታም አይሆንም። ወደ ሳንባዋ ይገባል።»

ፈርዶሳ በመጨረሻ ጋውኑን ለብሳ ገባች። እናቷ ዓይኗን ገለጠች።

«ሳብሪናስ?» አለች በሻከረ ድምፅ።

ፈርዶሳ ወደ አልጋው ተጠጋች። «እኔ አለሁ አይደል ኡሚ?»

«ቢሻን…» አለች እናቷ፤ ውሃ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

ፈርዶሳ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ኪሮስ ሌላ አልጋ ጋ ነው። ደግሞ ዘምዘም ሰው ይጎዳል እንዴ? ጠርሙሱን ከሻርፗ ስር አወጣች። «ቢስሚላህ» ብላ አንድ ክዳን አጠጣቻት፤ ከዚያ ሌላ ክዳን። እናቷ ፈገግ አለች። ከዘጠኝ ቀን ወዲህ ለእሷ ብቻ ፈገግ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ትንሽ ሳለች፣ ደከም ያለች ሳል። ፈርዶሳ ጠርሙሱን ደብቃ ወጣችና ጋውኑን ለሳብሪና ሰጠች።

ሳብሪና ገብታ ብዙም ሳይቆይ የመከታተያ ማሽኑ ጩኸት ተሰማ። የኦክስጅኑ ቁጥር ከዘጠና አምስት ወደ ሰማንያ ስድስት ወርዷል። ኪሮስ ሮጦ መጣ።

«ምን ሰጠሻት?» አለ ሳብሪናን።

«ወላሂ ምንም አልሰጠኋትም!»

ፈርዶሳ ከመስታወቱ ወዲህ ቆማ ደስ አላት። አዎ፣ ደስ አላት። ሁሉን አዋቂዋ ሳብሪና አንድ ጊዜ እንኳ ቁጣ ትቅመስ!

ቀጥሎ ግን ኪሮስ ለባልደረባው ሲናገር በተከፈተው በር በኩል ሰማችው። «ምንም ካልተሰጣት ሳንባዋ ደክሞ ነው። ዶክተሩን ጥሪ፤ ቱቦውን መልሰን ማስገባት ሳይኖርብን አይቀርም።»

ፈርዶሳ ያለ ጋውን ዘው ብላ ገባች።

«ብራዘር ኪሮስ፣ እኔ ነኝ! ዘምዘሙን… ሁለት ክዳን አጠጣኋት።»

ለቁጣ ጊዜ አልነበረም። ኪሮስ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረገ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ የቀረውን በቀጭን ቱቦ መጥጦ አወጣ፣ ኦክስጅኑን ጨመረ። «ይሳሉ እናት፣ በርቱ!» ሳብሪና ትራሱን ደረቷ ላይ ይዛላታለች። ሰማንያ ስምንት። ዘጠና አንድ። ዘጠና ሦስት።

«ቱቦውን ለጊዜው አናስገባም» አለ ኪሮስ ላቡን እየጠረገ። «ግን በዓይናችን እንጠብቃታለን።» ጠርሙሱን እንዲሰጡት እጁን ዘረጋ። ፈርዶሳ ሰጠችው።

ኮሪደሩ ላይ ሳብሪና እያለቀሰች ነበር። «ወላሂ ብዬ ስምል እያየሽኝ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

«ምን አድርጌሽ ነው?»

«ስትነቃ የምትጠራው አንቺን ነዋ!» ፈርዶሳም እንባዋ መጣ። «የእኔ እናት እኮ ናት።»

ሳብሪና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሲያማት ትራሱን ስለምይዝላት ነው የምትጠራኝ፣ አንቺ ሞኝ።»

የሚቀጥለው የሳል ሰዓት ሲደርስ ሳብሪና ፊቷን አዙራ ጋውኑን ዘረጋችላት። ተራው የፈርዶሳ ነበር። ቅናቱ አልለቀቃትም፤ እጇ ሊቀበል ተነሥቶ መሃል ላይ ቆመ።

«አንቺ ግቢ» አለች። «ግን ወደ መስታወቱ ዞረሽ ትራሱን ያዢላት። እጅሽ እንዲታየኝ፤ ቀጥሎ የምይዝላት እኔ ነኝ።»