በደረቅ ወንዝ የታሰረችው ጀልባ

«‹አንድ ቀን የጀልባዋን ገመድ በጩቤዬ እበጥሰዋለሁ› አላልክም?» አለ ሞሐሙድ።

«ብያለሁ! ሰፈሩ ሲስቅብን ተናድጄ ነዋ! ሰው ሲናደድ ስንት ነገር ይላል አቦ!»

«ወንድሜን በላኸው!» ሞሐሙድ ዘሎ የኢድልን ኮሌታ አነቀ። ኢድል እጁ በካቴና ታስሯል፤ ከመንገዳገድ በቀር ምን ያድርግ።

ቱሪያ መሃላቸው ገባች። አንዱ አጎቷ፣ አንዱ ባሏ፣ የሞተው አባቷ፤ እናቷ ከመጋረጃ ጀርባ ሐዘን ተቀምጣለች። የቱን ታልቅስ? ውጭ ደግሞ ኢድልን ሐረር የሚወስደው የፖሊስ ጂፕ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሐረር ከገባ የሚጠብቀው ገመድ ነው፤ ማንም ሊያጽናናት የሞከረ የለም።

ጉዳዩን እንዲያጣራ የተላከው የመቶ አለቃ ወልደጻድቅ በር ላይ ቁጢጥ ብሏል። ለቀስተኛውም ቤተሰቡም ያወለቀው ጫማ እዚያ ተከምሯል፤ የሰፈር ድመት ጭንቅላቷን ክምሩ ውስጥ ቀብራ አንድ ነገር ትልሳለች።

«ጌታዬ፣ ባሌን ሊሰቅሉብኝ ነው! አንተ ድመት ታያለህ?»

«ደስ ትላለች» አላት።

ይሄም መርማሪ ተብሎ!

አባቷ ሊበን የዘይላ መርከበኛ ነበር። ድሬዳዋ መሃል፣ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ጠብታ ውሃ በሌለበት፣ የሸራ ጀልባ ሠርቶ በወፍራም ገመድ ግራር ላይ አሰራት። የመጋላ ሰፈር ሁሉ ሳቀበት። «ወሪያ ሊበን! ዓሣው የታለ?» እሱ እቴ! ገመዱ በጀልባዋ ጠርዝ በሚያልፍበት ቦታ እንዳይፋተግ የግመል ቆዳ ጠቅልሎበታል። በየዓርቡ ጠዋት ቆዳውን የዓሣ ዘይት ይቀባዋል፤ አንድ ቦታ ብቻ እንዳይበላ ገመዱን ሳብ ያደርገዋል። የባቡር ሠራተኛው ወዳጁ ገብረወልድ ፉርጎ አግኝቶለት በሚቀጥለው ሳምንት ጀልባዋም እሱም ጅቡቲ ሊሄዱ ነበር።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት ድሬ ፀሐይ ናት፣ ጎርፉ የሚወርድበት የደንገጎ ተራራ ግን በደመና ጠቆረ። ሊበን ገመዱን ሊያይ ሮጦ ጀልባዋ ላይ ወጣ። ጎርፉ ደረሰ። ገመዱ ተበጠሰ። ጀልባዋን ከነሊበን ከድልድዩ ጋር አላተማት።

«ገብረወልድ፣ ዓርብ ቀትር ላይ የት ነበርክ?» አለ ወልደጻድቅ።

«ሥራ ላይ። ባቡሩ ራሱ ይመስክር።»

«ሞሐሙድስ?»

«መስጊድ ነዋ! ከኢድል ጎን ነው የሰገድኩት...» አለና አፉን በእጁ ያዘ።

«ከዚያስ አብራችሁ ጫት ላይ ተቀመጣችሁ?»

ሞሐሙድ መሬት መሬት እያየ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ወልደጻድቅ የተበጠሰውን ገመድ አንጠልጥሎ መሃል ቤት ቆመ። «በሉ ስሙኝ። ጩቤ ቢቆርጠው ጫፉ የተላጨ ይመስል ነበር። ይሄ ተንጨባሯል። ጩቤውን እርሱት።»

«ራሱ አልቆ ነዋ!» አለ ገብረወልድ።

«ገመድ እንጨት ላይ ሲፋተግ የሚበላው በነካው ጎኑ ነው። ይሄ ዙሪያውን ተበልቷል። ሰው እያዟዟረ በድንጋይ ፈትጎታል። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ቆዳውን መፍታት አለበት። ጠዋት ሊበን ራሱ ነክቶታል፤ የተበላ ገመድ አይቶ አያልፍም። ከሰዓት ጎርፍ መጣ። የተነካው እንግዲህ መሃል ላይ ነው፤ ወንዱ ሁሉ ጁምዓ ሲሰግድ።»

«ቆዳውን ጎርፍ ወስዶታል፣ በምን ታውቃለህ?» አለ ሞሐሙድ።

«ጎርፍ ከወሰደው ድመቷ ምን እየላሰች ነው?»

ሁሉም ወደ ጫማው ክምር ዞረ።

«ሁላችሁም ጫማችሁን አድርጉ።»

አንድ በአንድ ወደ በሩ ሄዱ። ገብረወልድ ቡትስ አጠለቀ። ሞሐሙድ ነጠላ ጫማውን አነሳ። የኢድል እግር ድመቷ ጋ ደረሰ። እግሩ ድመቷን አልፎ የራሱን ጫማ አገኘ። አልሃምዱሊላህ!

ክምሩ አለቀ። አንድ ጥንድ ቀረ፤ ትንሽ፣ ያረጀ፣ ተረከዙ ላይ አዲስ የግመል ቆዳ የተሰፋበት፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት። ቱሪያ እንዴት አታውቀው! በልጅነቷ ባጠፋች ቁጥር የተገረፈችበት ጫማ ነው።

የራሷን ወርውራ እግሯን ሰካችበት። «የኔ ነው!»

«ቱሪያ!» ኢድል ጮኸ።

ወልደጻድቅ ጎንበስ ብሎ አየ። «ተረከዝሽ መሬት ነክቷል፣ እህቴ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የእናቷ የፋዱማ ድምፅ መጣ። «አውልቂው! ታሰፊብኛለሽ።»

ፋዱማ በባዶ እግሯ ወጣች። አላለቀሰችም።

«ጎርፍ ሲመጣ ጀልባዋ ባዶዋን ትሄዳለች ብዬ ነው። እሷ ከሄደች እሱ ይቀርልኛል ብዬ። ጣውንቴ እኮ ናት! እኔን መቼ ዘይት ቀብቶኝ ያውቃል? ደመና አይቶ እንደሚሮጥ እኔ በምን አውቄ...»

«ቆዳውን ለምን ጫማሽ ላይ ሰፋሽው?»

«ደህና የግመል ቆዳ ልጣል?»

ወልደጻድቅ የኢድልን ካቴና ፈታ። ቱሪያ ግን ባሏ ላይ አልተጠመጠመችም። እናቷ እግር ስር ተደፋች።

«ሆዮ፣ ኢድልን ሊሰቅሉት ነበር እኮ! ዝም ብለሽ ልታይ ነበር?»

ፋዱማ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ሌላ ታገቢ ነበራ።»